ተንቀሳቃሽ ቤት ለማሠራት የትኛው ሻንሲ፣ የትኛው ሞተር?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ አንድ ግቢ ውስጥ ጣሪያው ተቆርጦ ከፍ የተደረገ ሃይኤስ ቆሞ አየሁ። ውስጡ ያምራል። ከጥድ ጣውላ የተሠራ ቁም ሳጥን፣ ታጥፎ የሚከፈት አልጋ፣ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ አለው። ባለቤቱ ተንሸራታቹን በር ሊዘጋ ሲሞክር ግን በሩ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተከፈተ። ቀረብ ብዬ ሳይ ከበሩ በላይ ባለው ጥግ ቀለሙ ተላልጦ፣ ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወደ ጣሪያው ወጥቷል። መኪናው ጂንካ አንድ ጊዜ ደርሶ መመለሱ ነበር። ለቤቱ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ቤቱን የሚሸከመው አካል ስንት ኩንታል እንደሚችል ግን አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም።

ቢሮዬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው፤ ሥራዬም የጉዞ መኪና ማዘጋጀት ነው። ሞተርሆም ወይም ተንቀሳቃሽ ቤት ማሠራት የሚፈልጉ ሰዎች ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የትኛው ሞተር ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ ክብደት፣ ቀጥሎ ሻንሲ (ቤቱን የሚሸከመው የመኪናው የብረት አካል)፣ ከዚያ በኋላ ሞተር ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠባቸው መኪናዎች ሲጎዱ ስላየሁ ነው ይህን መመሪያ የጻፍኩት።

ምርጫው ለምን ግራ ያጋባል?

አውሮፓ ውስጥ ሞተርሆም የሚገዛ ሰው ሻንሲ የሚመርጥለት ፋብሪካው ነው። አብዛኛው በፊያት ዱካቶ ላይ ይሠራል፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል በመርሴዲስ ስፕሪንተር ወይም በኢቬኮ ዴይሊ ላይ የተሠራውን ያገኛል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትልልቆቹ ኤፍ-53 በሚባለው የፎርድ የቤንዚን ሻንሲ ላይ ወይም ሞተሩ ከኋላ በተቀመጠ የፍሬይትላይነር የናፍታ ሻንሲ ላይ ይቆማሉ። አውሮፓውያን ስለ ሞተርሆም የሚጽፉት አብዛኛው ነገር 3.5 ቶን በምትባል ወሰን ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ በተራ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚቻለው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ። ፋብሪካዎቹም ከዚያ ክብደት ላለማለፍ ግድግዳውንም ወለሉንም ያሳሳሉ። ያ ለለስላሳ አስፋልት የተሠላ ስሌት ነው።

እኛ ዘንድ የሚገዛው የተዘጋጀ ቤት ሳይሆን ተሸካሚው መኪና ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስመጣት እጅግ አስወድዷል፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ብዙው ሰው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ነው። መልካሙ ነገር፣ በሻንሲ ላይ ቦዲ የመሥራት ሙያ ለአዲስ አበባ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ቅጥቅጥ የምንለው የአይሱዙ አውቶቡስ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ ላሜራ ተቀጥቅጦ የተሠራ አይደለምን?

መጀመሪያ ሚዛን

ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ያዘጋጀሁትን ስሌት ላሳይ። ሰዎቹ 2.4 ኩንታል ይሆናሉ። ውሃ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ 120 ሊትር 1.2 ኩንታል ማለት ነው። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር ከነብረቱ ወደ 27 ኪሎ ይመዝናል። 200 አምፒር ሰዓት የሚይዙ ሁለት የሊድ ባትሪዎች 1.2 ኩንታል ገደማ ናቸው። አንድ ሙሉ ገጽ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆነ ስምንቱ ለአልጋና ለቁም ሳጥን ሲገቡ 2.5 ኩንታል ጨመርን ማለት ነው። ማቀዝቀዣና ፍራሽ 80 ኪሎ፤ ምግብ፣ ልብስ፣ መፍቻ፣ ተጨማሪ ጎማና የጀሪካን ነዳጅ 2 ኩንታል። ድምሩ ወደ 10 ኩንታል ተኩል ይደርሳል። በዚህ ውስጥ መጸዳጃ የለም፤ የጣሪያ ድንኳን የለም፤ አብሮ የሚሄድ አያትም የለም።

ይህ ቁጥር ብዙዎቹ ሚኒባሶች ከሚችሉት ጫፍ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሻንሲ ከመምረጥዎ በፊት የራስዎን ዝርዝር ጽፈው ይደምሩ። ባለ 18 ሚሊ ሜትሩን በ12 ቢተኩ ከጣውላው ክብደት አንድ ሦስተኛው ይቀንሳል። ኤምዲኤፍ የተባለው ከኮምፔንሳቶ የበለጠ ከባድ ነው፤ እርጥበት ሲነካውም ያብጣልና ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ከዚያ የሻንሲው ዓይነት

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው እንደ መሰላል የተጋደሙ ሁለት ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎች ያሉትና ቦዲው ከላይ የሚቀመጥበት ነው። አይሱዙ፣ ኮስተር፣ ላንድክሩዘርና ኢቬኮ ዴይሊ እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ሻንሲና ቦዲ አንድ ላይ የተበየዱበት ነው፤ ሃይኤስ፣ ዱካቶና ስፕሪንተር ከዚህ ይመደባሉ። በሁለተኛው ላይ ጣሪያው ሽፋን ብቻ አይደለም፤ መኪናው እንዳይጣመም የሚይዘው የአጽሙ አካል ነው። ጣሪያውን ሲቆርጡ አጥንት ቆረጡ ማለት ነው። የተክለ ሃይማኖቱ በር አልዘጋ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በመሰላሉ ሻንሲ ላይም የሚሠራ ስሕተት አለ። የጭነት መኪና ሻንሲ ጉድጓድ ሲገባ እንዲጣመም ተደርጎ ነው የተሠራው። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር በብየዳ ከያዙት ሻንሲው መጣመም ሲፈልግ ቤቱ እምቢ ይላል፤ ከሁለቱ አንዱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሻንሲው በላይ ሌላ ቀጭን ፍሬም ተደርጎ፣ ባንዱ ጫፍ በቡሎን ጠበቅ ብሎ ይታሰራል፤ በሌላው ጫፍ በላስቲክ ወይም በሞላ ላይ ይቀመጣል። የተሸካሚውን የላይና የታች ከንፈር መብሳትም ሆነ መበየድ ፋብሪካዎች የሚከለክሉት ነገር ነው፤ መብሳት ግድ ከሆነ በቋሚው ጎን መሐል ላይ ይሁን። ቦዲ ሠሪው «እኛ ሁልጊዜ በየደን ነው የምንሠራው» ቢልዎት፣ የሠራቸውን አውቶቡሶች በር ጥጎች ሄደው ይዩ።

ሞተር በከፍታ ላይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ያ ብቻ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ሞተር ከለገሃር ሲነሣ ከ104 ብዙ አይርቅም። ባሌ ውስጥ 4,000 ሜትር የሚያልፈው የሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ አንድ ሦስተኛው ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይወጣል።

ጉልበቱን ለተሞላው ክብደት ሲያካፍሉ የሚወጣው ውጤት ብዙ ሰው የሚገምተውን አይደለም። ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሃይኤስ 102 የፈረስ ጉልበት አለው፤ 3.1 ቶን ሲሞላ ለእያንዳንዱ ቶን 33 ገደማ ይደርሰዋል። ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትሩ ላንድክሩዘር ከፍታው ቀንሶበት 3.3 ቶን ሆኖ 31 ያህል ያገኛል። ያው ሞተር ኮስተር ላይ ገብቶ 5.5 ቶን ሲጎትት 19 ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ባለ 4.6 ሊትር አይሱዙ ወረቀቱ ላይ 120 ገደማ ነው፤ ከፍታው ቀንሶበት 6 ቶን ሲሆን 16 ይቀረዋል። የሊትሩ ትልቅነት ብቻውን ዳገት አያወጣም።

ቱርቦው ይህን ያህል ከበለጠ ለምን ሁሉም ሰው እሱን አይወስድም? ነዳጁ ነው ምክንያቱ። ቱርቦ ያላቸው አዲሶቹ የናፍታ ሞተሮች ነዳጅ የሚረጩት በከፍተኛ ግፊት፣ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ነው። ከበርሜል በጀሪካን የተቀዳ ናፍታ ውስጥ ያለ ውሃና አቧራ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። ሶማሌ ተራ አንድ አዛውንት መካኒክ ከሃይኤስ የወጣ ኢንጀክተር መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው አገላበጡልኝ። ጫፉ ላይ ቡናማ የዝገት ነጥብ ነበር። «ልጄ፣ ይህን የበላው ውሃ ነው፤ አራቱም እንዲሁ ናቸው» አሉኝ። ነዳጁን በተራ ፖምፓ የሚገፋው አሮጌው ባለ ፖምፓ ሞተር ግን እንዲህ ያለውን ነዳጅ እያጨሰም ቢሆን ይታገሠዋል፤ ሲበላሽም ኮምፒውተር ሳይፈልግ በየዞን ከተማው በመፍቻ ይፈታል። ስለዚህ እኔ እንዲህ እፈርዳለሁ፦ ጉዞዎ አስፋልት ላይ ከሆነና ከታወቀ ማደያ የሚቀዱ ከሆነ ቱርቦው ይሻላል። ኦሞ ሸለቆን፣ ዳናክልንና የድንበር አካባቢዎችን ካሰቡ ቀርፋፋውን ባለ ፖምፓ ይያዙ።

የኤሌክትሪክ ቫኖች በከተማችን እየበዙ ነው። ለከተማ ሥራ ደስ ይላሉ፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ባትሪው ራሱ የሚጭኑትን ኩንታል ይሻማል፤ መሙያ ጣቢያውም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው።

ቁልቁለት

ስለ ዳገት ሁሉም ይጠይቃል፤ ስለ ቁልቁለት የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው በ1,400 ሜትር ያህል ይቀንሳል። 3.3 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያን ሙቀት ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው ወደ ፍሬኑ ነው የሚሄደው።

እኔ ራሴ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ከልክ በላይ በተጫነ ሚኒባስ ላይ ሆኜ ይህን አይቻለሁ። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ የመሰለ ሽታ መጣ። ቀጥሎ የፍሬን መርገጫው ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ሰጠመ። በእጅ ፍሬንና በአንደኛ ማርሽ ተራራውን ተጠግተን ቆምን፤ ከጎማው መሐል ጭስ ይወጣ ነበር፤ ልጆቹ ከኋላ ዝም ብለዋል። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የጻፍኩት የመጀመሪያ መስፈርት «ሲወርድ ምን ይይዘዋል?» የሚል ነው።

ናፍታ ሞተር እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሣ መኪናውን በራሱ የሚይዘው በመጠኑ ነው። አይሱዙና የመሳሰሉት የጭነት መኪናዎች የጭስ መውጫውን አፍኖ ሞተሩን ወደ ያዥነት የሚለውጥ ተጨማሪ ፍሬን አላቸው። ከመሪው አጠገብ ያለውን ዘንግ ወይም ቁልፍ ከነኩ በኋላ ድምፁ ሲለወጥ ይሰማዎታል። መኪናውን ሲፈትኑ ይህ መሥራቱን ሳያዩ አይመለሱ፤ ብዙዎቹ ላይ ተበላሽቶ የተተወ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ሃይኤስ።* ሰው አባዱላ እያለ የሚጠራው ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ትውልድ ነው ለዚህ ሥራ በብዛት የሚፈለገው። ረጅሙ ከጎማ እስከ ጎማ 3.11 ሜትር፣ አጠቃላይ ርዝመቱ 5.38 ሜትር ነው። ከፒያሳ ጠባብ መንገዶች ጀምሮ እስከ ሆቴል ግቢ ድረስ የትም ይገባል፤ መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ተሻግረው ያገኙታል፤ የማያውቀው መካኒክ የለም። ሞተሩ ከፊት መቀመጫ ሥር ስለሆነ በአፋር ሙቀት ሹፌሩን ያቃጥላል። ጉድለቱ የጭነቱ ጫፍ 10 ኩንታል ገደማ መሆኑና ጣሪያው ነው። ከፋብሪካ ከፍ ብሎ የመጣ ጣሪያ ያለውን ይፈልጉ፤ ቆርጦ ማስነሣትን አልደግፍም። ለሁለት ሰው ግን ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ባለ 2.5 እና ባለ 3 ሊትር ቱርቦዎቹ የታይሚንግ ቺንጋ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ክፍሎች የሚያያይዝ ቀበቶ) ያላቸው ስለሆኑ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ፤ መልስ ካላገኙ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። 5ኤል የተባለው ሌላው ባለ 3 ሊትር ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ዳገት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፖምፓው ግን ጽኑ ነው።

*ላንድክሩዘር 78።* ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1ኤችዜድ ሞተር 4,164 ሲሲ ሲሆን፣ በረድኤት ድርጅቶች መኪናዎች ላይ ገጠር ለገጠር ሲዞር የኖረው ይህ ነው። ቱርቦ የለውም፤ ኮምፒውተር የለውም፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ታይሚንግ ቺንጋው ይቀየርለት እንጂ ሌላው ነገር ረጅም ዕድሜ አለው። በብዙዎቹ ላይ ሁለት ባለ 90 ሊትር የነዳጅ ጋኖች አሉ፤ ማደያ ላይ ወረፋ በበዛበት ጊዜ የዚህን ዋጋ ያወቀ ያውቀዋል። አሸዋና ጭቃ ውስጥ ከዝርዝሩ ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ከፍ የሚል የጣሪያ ድንኳን ካልተደረገለት ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። የሚሸከመውም ከሃይኤስ ብዙ አይበልጥም። ዋጋው ደግሞ አርጅቶም አይወርድም።

*ኮስተር።* እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ አልደብቅም። ረጅሙ 6.99 ሜትር ነው፤ ቁመት ያለው ሰው ውስጡ ቀና ብሎ ይራመዳል፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። ወንበሮቹ ሲወጡ ብዙ ኩንታል ይመለስልዎታል፤ ቦዲ መሥራት ስለማያስፈልግም የብየዳው ስሕተት አብሮ ይቀራል። ብዙዎቹ ላይ ያለው ያው የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ነው፤ ስለዚህ መለዋወጫው ችግር የለውም። ነገር ግን ከላይ እንዳሰላነው በቶን 19 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው ዳገት የሚወጣው። አባይን ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ የራዲያተሩ ጤንነት ያን ጊዜ ይፈተናል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን የላላ ከሆነ ሞተሩ ገና ሳይግል ውሃው ይፈላና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ርካሹን ክዳን አዲስ ገዝተው ይግጠሙ። ሌላው ማስጠንቀቂያ ከኋላ እግር አልፎ የሚወጣው ረጅም ጅራት ነው፤ የውሃ ጋን እዚያ ከተቀመጠ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይንሳፈፋል። ጋኑ በሁለቱ እግሮች መካከል ይሁን።

*አይሱዙ ኤንፒአር።* ከአምስት ሰው በላይ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው ቤት ወይም ተንቀሳቃሽ ክሊኒክና ቢሮ የሚያስብ ሰው ሌላ ጋ ባይደክም እመርጣለሁ። ቦዲውን ጨምሮ 40 ኩንታል ገደማ ይሸከማል። የኋላ ጎማው ጥንድ ነው፤ ሞተሩ ሲበላሽ ካቢናው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ 4ኤችጂ1 ሞተሩ በቺንጋ ምትክ በጥርስ የሚሽከረከር ስለሆነ የሚበጠስ ነገር የለውም። የመለዋወጫው ነገር አያሳስብም፤ አገሪቱ እህሏንና ሲሚንቶዋን የምትጭነው በእሱ ነው። ጉድለቱ ባዶ ሲሆን ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ) ድንጋይ መሆኑ ነው። ለእህል የተሠራ ባሌስትራ ሦስት ቶን ካልተጫነው አይታጠፍም፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሳህን ሁሉ ይንኳኳል። ጥሩ የባሌስትራ ባለሙያ ከጥቅሉ ላይ አንድ ሁለት ቅጠል ቀንሶ ማለስለስ ይችላል፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ቤቱ ተሠርቶ ከተመዘነ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

*አውሮፓ ውስጥ ተሠርተው የመጡ።* አንዳንድ ጊዜ ከውጭ በየብስ የገባ ዱካቶ ወይም ስፕሪንተር ለሽያጭ ይቀርባል። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ዱካቶ በፊት ጎማ ነው የሚነዳው፤ ክብደቱ ከኋላ ሆኖ ጠጠር ዳገት ሲወጣ የፊቱ ጎማ ይቀልና በቦታው ይሽከረከራል። አዳዲሶቹ የጭስ ማጣሪያና አድብሉ የተባለውን ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ ከከተማ ሲወጣ ይህ በየማደያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ኢቬኮ ዴይሊ ከእነዚህ ይለያል፦ መሰላል ሻንሲ አለው፤ በኋላ ጎማ ይነዳል፤ ባለ 3 ሊትር ሞተሩም ሰንሰለት እንጂ ቺንጋ የለውም። ከአውሮፓ ከመጡት የምመርጠው እሱን ነው። ከጃፓን የሚመጡት የተዘጋጁ ካምፐሮች መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ለመንገዳችን አይሆኑም።

| አማራጭ | የሻንሲ ዓይነት | የሚሸከመው | ጉልበት በቶን፣ አዲስ አበባ ላይ | በቁልቁለት | ጥገና ከከተማ ውጭ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሃይኤስ 2.5 ቱርቦ | ከቦዲ ጋር አንድ | 10 ኩንታል ገደማ | 33 | ካልበዛበት መልካም | ቀላል፤ ኢንጀክተሩ ሲቀር | ሁለት ሰው፣ አስፋልት |
| ላንድክሩዘር 78 | መሰላል | 10 ኩንታል ገደማ | 31 | መልካም | በጣም ቀላል | ሁለት ሰው፣ ጭቃና አሸዋ |
| ኮስተር 1ኤችዜድ | መሰላል | ወንበር ሲወጣ 15 ኩንታልና በላይ | 19 | በማርሽ መያዝ ይፈልጋል | ቀላል | ቤተሰብ፣ አስጎብኚ |
| አይሱዙ 4ኤችጂ1 | መሰላል | ቦዲን ጨምሮ 40 ኩንታል ገደማ | 16 | የጭስ ፍሬኑ ከሠራ ከሁሉ የተሻለ | በጣም ቀላል | ትልቅ ቤተሰብ፣ ተንቀሳቃሽ ቢሮ |
| ዱካቶ፣ ስፕሪንተር | ከቦዲ ጋር አንድ | እንደ ሞዴሉ | ቱርቦ ስለሆነ ብዙ አይቀንስም | መልካም | አስቸጋሪ | አስፋልት ብቻ |

ሲገዙ የሚታይ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ሞተር የተቀየረለት መኪና ብዙ ነው፤ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ጣጣው ለእርስዎ ይተርፋል። የተሽከርካሪው ዓይነትና የመቀመጫ ብዛትም ሊብሬው ላይ ስላለ፣ ወንበር አውጥተው አልጋ ከማስገባትዎ በፊት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ የዓመቱ ቦሎ ምርመራ ላይ ይያዛሉ።

መኪናውን ሌሊቱን ካደረበት ጠዋት ሄደው ራስዎ ያስነሡት። ደላላው አስቀድሞ አሙቆ ካመጣው ሌላ ቀን ይቅጠሩ። የዘይት ክዳኑን ከፍተው እጅዎን ያስጠጉ፤ እንደ ጭስ ማውጫ የሚተነፍስ ከሆነ ፒስተኑ አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) መበላሸት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ገብተው የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትን አካባቢና የመሪው ሳጥን የታሰረበትን ቦታ በባትሪ ይመልከቱ። ሻንሲው በሙሉ አቧራ ለብሶ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ካለው ያንን ቀለም በቢላዋ ፋቅ ያድርጉት።

ለማን የትኛው?

በጀትዎ አነስተኛ ከሆነና ሁለት ከሆናችሁ ያለ ጣሪያ ቆረጣ ሃይኤስ ይግዙ፤ የተረፈውን ለፍሬንና ለጎማ ያውሉት። ልጆች ካሉ፣ መካከለኛ ገንዘብም ካለ፣ ኮስተር። ዋናው ፍላጎትዎ ሩቅ መድረስ ከሆነና ምቾት ቢቀርም ግድ ካልሰጠዎት ላንድክሩዘር ነው፤ ውድ ሲገዙ ሲሸጡትም ውድ ነው። አስጎብኚ ድርጅት ከሆኑ ግን በአንድ ትልቅ አይሱዙ ምትክ ሁለት ኮስተር አስባለሁ፤ አንዱ ጋራዥ ሲገባ ሥራው አይቆምም። ለሕክምና፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለቀረጻ ሥራ አይሱዙን የሚተካ የለም።

አስቀድመው ሃይኤስ ገዝተው ጣሪያውን ያስቆረጡም አሉ፤ የተክለ ሃይማኖቱ ባለቤት ከእነርሱ አንዱ ነው። ለእርሱ ያልኩት ይኸው ነው። ሁለቱን የሊድ ባትሪዎች አውጥቶ በአንድ ሊቲየም ይተካ፤ ከ80 ኪሎ ያላነሰ ይቀንሳል። ከኋላ በር ሥር ያለውን የውሃ ጋን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያምጣው፤ መጠኑንም ወደ 60 ሊትር ያውርደው። ከዚያ ግራና ቀኝ ምሰሶዎቹን ጣሪያ ላይ አልፎ የሚያገናኝ የብረት ቀስት ከበሩ ፊትና ኋላ ይበየድ፤ ስንጥቁ ከመደፈኑ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ ወደ ላይ መሄዱን እንዲያቆም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ውሃውን ሞልቶ፣ ቤተሰቡን አሳፍሮ ሚዛን ላይ ያውጣው፤ የፊት እግሩን ለብቻ፣ የኋላ እግሩን ለብቻ።